የአዋላጆች መምህርት

(በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጅግጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል ድንበሩን የተሻገረ መንገደኛ ደረቁን ሜዳ አቋርጦ የሚደርስባት ትልቅ ከተማ ሐርጌሳ ናት። ሐርጌሳ የሶማሊላንድ ርእሰ ከተማ ስትሆን በወረዳ በወረዳ ተከፋፍላ ትተዳደራለች። ከወረዳዎቿ አንዱ መሐመድ ሞጌ ይባላል፤ ስሙም የተወሰደው ከአንድ የታወቁ ድምፃዊ ነው። ሶማሌዎች ግጥምንና ዜማን እጅግ የሚያከብሩ ሕዝብ በመሆናቸው አንድን ሰፈር በዘፋኝ ስም መጥራታቸው አያስደንቅም። በዚህችው ከተማ ውስጥ ግን አንድ ሆስፒታልና አንድ ዩኒቨርሲቲ በአንዲት አዋላጅ ነርስ ስም ይጠራሉ። እንዲህ ያለው ነገር በየትም አገር ቢሆን ዘወትር የሚያጋጥም አይደለም። እኚህ አዋላጅ ወይዘሮ ኤድና አደን ኢስማኢል ናቸው።

ወይዘሮ ኤድና በ1937 በሐርጌሳ ከተማ ተወለዱ። አገሪቱ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ነበረች። አባታቸው አደን ኢስማኢል የሕክምና ሰው ነበሩ። በዚያ ዘመን ሕክምና የተማረ ሶማሌ በጣት የሚቈጠር ስለ ነበረ በሽተኛው ቀንም ሌሊትም ይፈልጋቸው ነበር። ኤድና ትምህርት በሚዘጋበት ወራት አባታቸውን ተከትለው ወደ ሆስፒታል ይሄዱና የቁስል ማሰሪያ ይቈርጣሉ፤ መሣሪያ ያጥባሉ፤ የታዘዙትን ያቀብላሉ። በሆስፒታሉ የማይጎድል ነገር አልነበረም። አባታቸው በዚህ ሲያዝኑ በማየታቸው፣ ገና የአሥራ አንድ ወይም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ አንድ ምኞት በልባቸው አደረ። ይኸውም አባታቸው ቢያዩት ሊሠሩበት የሚወዱትን ዓይነት ሆስፒታል መሥራት ነበር።

ልጅቱ ይህን ስትመኝ በአገሩ ለሴቶች ልጆች የተከፈተ ትምህርት ቤት እንኳ አልነበረም። ሴት ልጅን ማስተማር ማበላሸት ነው የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነበር። አባትየው ግን የሰውን አነጋገር ከቁም ነገር ሳይቈጥሩ፣ ለወንዶች ልጆች አስተማሪ ሲቀጠር ሴት ልጃቸውን አብራ እንድትማር አደረጉ። በኋላም ጅቡቲ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ላኩአት።

ከልጅነታቸው ታሪክ ሁሉ በኋላ ለሠሩት ሥራ መነሻ የሆነው ግን ሌላ ነው። ኤድና ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ አባታቸው ከቤት ርቀው በሄዱበት ወቅት፣ እናታቸውና አያታቸው እንደ አገሩ ልማድ አስገረዙአቸው። ሴቶቹ ይህን ያደረጉት በክፋት አልነበረም፤ ያልተገረዘች ልጅ ባል አታገኝም፣ ቤተሰቧንም ታሳፍራለች ብለው አምነው እንጂ። አባታቸው ተመልሰው የተደረገውን በሰሙ ጊዜ እጅግ አዘኑ፤ ተቈጡም። ሕፃንዋ ኤድና ይህን የአባታቸውን ቍጣ ዕድሜአቸውን ሙሉ አልረሱትም። ጎረቤቱና ዘመዱ ሁሉ ተገቢ ነው ያለውን ነገር፣ አንድ የሚያምኑት ሰው ስሕተት ነው ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ያን ዕለት ነበርና።

በ1954 ወይዘሮ ኤድና ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። ለትምህርት ወደዚያ አገር የሄዱ የመጀመሪያይቱ ሶማሊያዊት ልጃገረድ እርሳቸው ናቸው። በለንደን ሰባት ዓመት ያህል ተቀምጠው ነርስነትንና አዋላጅነትን ተማሩ። በዚያው በ1954 በኢትዮጵያ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ መቋቋሙን እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ነበር። ኮሌጁም የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ጠባቂውን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይልክ ጀመር። የሎንዶኗ ተማሪና የጎንደሩ ኮሌጅ ግንኙነት አልነበራቸውም። ሆኖም በአፍሪካ ቀንድ በዚያ ዘመን የነበረው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ሐኪሙ እስኪበዛ ድረስ ሕዝቡን ማን ይጠብቀው?

ወይዘሮ ኤድና ትምህርታቸውን ፈጽመው ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1961 ነው። አገሪቱ ከአንድ ዓመት በፊት ነጻ ወጥታ ከደቡቡ ክፍል ጋር በመዋሐድ የሶማሊያ ሪፐብሊክ ሆና ነበር። በዲፕሎማ የተመሰከረላት አዋላጅ ነርስ በሶማሊላንድ ስትታይ እርሳቸው የመጀመሪያዪቱ ናቸው። ይሁን እንጂ የመንግሥት የሥራ መደብ ለሴት ታስቦ አያውቅምና ብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ሠሩ። መኪና እየነዱ በከተማ ውስጥ ማለፋቸውም ቢሆን ለተመልካቹ ትንግርት ነበር፤ ከሶማሌ ሴቶች መካከል በመጀመሪያ መኪና የነዱ እርሳቸው ነበሩና።

ከዚህ በኋላ ያለውን ዘመን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። መሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኤጋልን አገቡ፤ ባለቤታቸው በ1967 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ እርሳቸውም የጠቅላይ ሚኒስትር ባለቤት በመሆን በየአገሩ ቤተ መንግሥት ተጋበዙ። በጥቅምት 1969 ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ባለቤታቸው ታሰሩ፤ እርሳቸውም ከቤት እንዳይወጡ ተደረጉ። ክብሩም እስሩም አለፈ፤ አዋላጅነቱ ግን ቀረ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ቤተ መንግሥቱ ግብዣ መጻፍ ይወዳሉ። ስለ እርሳቸው ሥራ ለሚያጠና ሰው ግን ከዚያ ሁሉ ይልቅ 1976 ይበልጥበታል።

በ1976 ወይዘሮ ኤድና በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ውስጥ በኃላፊነት ይሠሩ ነበር። በዚያ ዓመት በሞቃዲሾ በተሰበሰቡ ሴቶች ፊት ቆመው ስለ ሴት ልጅ ግርዛት በግልጽ ተናገሩ። ይህ ነገር ከዚያ በፊት በጓዳ በሹክሹክታ ካልሆነ በቀር በአደባባይ ስሙ የሚነሣ አልነበረም። የተናገሩት እንደ ፖለቲከኛ ሳይሆን እንደ አዋላጅ ነበር። በአገሩ የተለመደውና የፈርዖን ግርዛት የሚባለው ከባዱ ዓይነት የሕፃንዋን አካል ከቈረጡ በኋላ ቁስሉን በመስፋት የሚፈጸም ነው። በዚህ ምክንያት ሽንትና የወር አበባ ይታገዳል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል። ልጅቱ አድጋ በምትወልድበት ጊዜም ጠባሳው አልለጠጥ ስለሚል ምጡ ይረዝማል፤ እናቲቱ ብዙ ደም ይፈስሳታል፤ ሕፃኑም ታፍኖ ሊሞት ይችላል። በማዋለጃ ክፍል የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ በየቀኑ ያያል። ሰሚዎቹ ሴቶችም በገዛ አካላቸው የሚያውቁት ነገር ነበር። አዲስ የሆነባቸው በወሊድ ጊዜ የሚያሠቃያቸው መከራ ከልጅነታቸው ቁስል ጋር የተያያዘ መሆኑን ከአንዲት የተማረች ሴት አፍ መስማታቸው ነው።

የጤና ትምህርት ከሌላው ትምህርት የሚለየው በዚህ ነው። የሒሳብ መምህር ተማሪው የማያውቀውን ይነግረዋል። የጤና መምህር ግን ብዙ ጊዜ ሕዝቡ የሚያውቀውንና የሚያምንበትን ነገር እንዲተው ይጠይቃል። ይህንንም ሲያደርግ እናቱንና አያቱን ሳያዋርድ መሆን አለበት። ወይዘሮ ኤድና ሃይማኖቱ ይህን እንደማያዝ እየጠቀሱ ከሃይማኖት አባቶች ጋር ተነጋገሩ። ጉዳዩ የሴቶች ብቻ ነው የሚለውንም አልተቀበሉም፤ አባቶች ሴት ልጆቻቸውን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባቸው ደጋግመው አስተማሩ። የራሳቸውን አባት ለሚያስታውስ ይህ አያስገርምም።

ወሬው በአፍሪካ አደባባይም እየተሰማ ሄደ። በ1984 በዳካር በተደረገ ስብሰባ ጎጂ ልማዶችን የሚታገል የአፍሪካ አገሮች ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱም አዲስ አበባ ሆነ። ኮሚቴውን ለብዙ ዓመታት የመሩት ኢትዮጵያዊቷ ወይዘሮ ብርሃኔ ራስ ወርቅ ናቸው። በኢትዮጵያም በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግ የሴት ልጅ ግርዛትን የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። በሶማሊላንድ ደግሞ የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስቴር የፈርዖን ግርዛትን የሚከለክል ፈትዋ የሰጠው በ2018 ነው፤ ፈትዋው ሁሉንም ዓይነት ግርዛት ባለማገዱ ግን ወይዘሮ ኤድናን የመሰሉ ታጋዮች የሚሹት ገና አልተፈጸመም። ከ1976 እስከ 2018 አርባ ሁለት ዓመት ነው።

ወይዘሮ ኤድና የልጅነት ምኞታቸውን ለመፈጸም በመጀመሪያ የሞከሩት በሞቃዲሾ ነበር። በ1980ዎቹ ዓመታት በራሳቸው ገንዘብ ሆስፒታል ማሠራት ጀመሩ፤ ሆኖም የእርስ በርስ ጦርነት መጣና ሕንጻው ከእጃቸው ወጣ። የትውልድ ከተማቸው ሐርጌሳም ከዚህ የከፋ አገኛት። በ1988 የመንግሥቱ የጦር አውሮፕላኖች ከከተማዋ ከራሷ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ከተማዋን ደበደቡ። በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ ከጅግጅጋ አጠገብ የነበረው የሐርትሼክ የስደተኞች መጠለያም በዓለም ከታወቁት ታላላቅ መጠለያዎች አንዱ ሆኖ ነበር። በስደትና በሞት ከጠፋው ሕዝብ መካከል ነርሶቹና አዋላጆቹም ይገኙበታል። ቤት በጥቂት ወራት ይሠራል፤ የጠፋ ባለሙያ ግን በአንድ ትውልድ አይተካም።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ኤድና በዓለም የጤና ድርጅት ውስጥ ይሠሩ ነበር። ከ1991 እስከ 1997 በጅቡቲ የድርጅቱ ተጠሪ ሆነው አገለገሉ። በ1997 ጡረታ ሲወጡ ዕድሜአቸው ስድሳ ደርሶ ነበር። ደኅና ጡረታ ያለው ሰው በዚህ ዕድሜው ዕረፍት ቢመርጥ ማንም አይፈርድበትም። እርሳቸው ግን ወደ ፈረሰችው ሐርጌሳ ተመለሱና ሆስፒታል የሚሠራበት መሬት እንዲሰጣቸው መንግሥትን ጠየቁ። የተሰጣቸው ቦታ የቆሻሻ መጣያ ሆኖ የቈየ ነበር። መኪናቸውንና የወርቅ ጌጣቸውን ሸጡ፤ የጡረታ ገንዘባቸውን ጨመሩበት፤ ሥራው ተጀመረ። ከጣራው ሳይደርስ ገንዘቡ አለቀ። ይህን የሚገልጽ ጽሑፍ በአንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ያነበቡ አንዳንድ አሜሪካውያን ገንዘብ አሰባስበው ረዱአቸው።

ከገንዘቡም ይልቅ የከበደው ጥያቄ ሌላ ነበር። ሕንጻው ሲያልቅ በውስጡ ማን ይሠራል? ተፈልገው የሚቀጠሩ ነርሶች አልነበሩም። ስለዚህ ወይዘሮ ኤድና ሆስፒታሉ ከመከፈቱ ሁለት ዓመት ያህል አስቀድመው፣ በ2000፣ ከሠላሳ በላይ የሆኑ ተማሪዎችን መርጠው ማስተማር ጀመሩ። ግንበኛው ግድግዳውን ሲያቆም ተማሪዎቹ በሌላ ወገን የሰውን ደም ዝውውር ያጠኑ ነበር። ሆስፒታሉ በመጋቢት 2002 በሩን ሲከፍት ሠራተኞቹ ተዘጋጅተው ጠበቁት። ብዙ ሰዎች በወይዘሮ ኤድና ሕይወት የሚያደንቁት ሕንጻውን ነው፤ ሊደነቅ የሚገባው ግን ይህ ቅደም ተከተል ይመስላል። የሞቃዲሾውን ሕንጻ ጦርነት ወስዶታል። ሰው የተማረውን ግን ከገደሉት በቀር አይነጥቁትም።

ለመሆኑ አንዲት የአዋላጅነት ተማሪ ምን ትማራለች? በመጀመሪያ እጇን መታጠብ ትማራለች። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን እናቶችን ከወሊድ በኋላ በትኵሳት የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ያልታጠበ እጅ ነው። ቀጥሎ እትብት በንጹሕ ምላጭ መቍረጥን፣ የደም ግፊት መለካትን፣ የነፍሰ ጡሯን እግርና ፊት እብጠት መመልከትን ታጠናለች። ግፊቱ ያለ ልክ የጨመረባት ነፍሰ ጡር ድንገት ልትንቀጠቀጥና ራሷን ልትስት ትችላለች። በሐርጌሳም ይሁን በኢትዮጵያ ገጠር ይህን ያየ ቤተሰብ ጋኔን ያዛት ብሎ ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ ሌላ ቦታ ሊወስዳት ይችላል፤ እዚህ ላይ የምታድነው ምልክቱን አስቀድማ ያወቀች አዋላጅ ናት። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ ከወሊድ በኋላ የሚመጣው የደም መፍሰስ ነው። ያልተገታ ደም እናቲቱን በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሊገድላት ስለሚችል ሩቅ ያለ ሐኪም ሊደርስላት አይችልም። ስለዚህ ተማሪዋ ማሕፀን እንዲጨማደድ ማሸትን፣ መድኃኒቱን ሳትዘገይ መስጠትን፣ የእንግዴ ልጁ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን መርምሮ ማረጋገጥን እጇ እስኪለምደው ድረስ ትለማመዳለች። ለተወለደውም ሕፃን እንገሩ ሳይጣል እንዲጠባ ለእናቲቱ ማስረዳት የእርሷ ሥራ ነው።

የእጅ ሙያው ብቻውን ግን አይበቃም። የሕክምና ተመራማሪዎች እናቶችን የሚገድሉ ሦስት መዘግየቶች አሉ ይላሉ። አንደኛው ወደ ሕክምና ለመሄድ በመወሰን፣ ሁለተኛው በመንገድ፣ ሦስተኛው ሕክምና ቦታው ከደረሱ በኋላ የሚደረግ መዘግየት ነው። ሆስፒታል የሚያቃልለው ሦስተኛውን ነው፤ መንገድና መኪና ሁለተኛውን ይቀንሳሉ። የመጀመሪያው ግን የሚቃለለው በትምህርት ብቻ ነው። በሶማሊላንድ በቀዶ ሕክምና ለመውለድ የባል ወይም የሌላ ወንድ ዘመድ ፈቃድ መጠየቅ የተለመደ ነው። ባልየው ከግመሎቹ ጋር ሩቅ ሄዶ ቢሆንስ? በኤድና ትምህርት ቤት የምትማር አዋላጅ እንግዲህ ለነፍሰ ጡሯ ብቻ ሳይሆን ለባሏ፣ ለአማቷና ለመንደሩ ሽማግሌ አስቀድማ ማስረዳትን ጭምር መማር ነበረባት። ኢትዮጵያ በ2003 የጀመረችው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብርም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሐሳብ አለው፤ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ተመድበው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ እንዲያስተምሩ ተደርጎአልና።

ወይዘሮ ኤድና አስተማሪ እንደ መሆናቸው መጠን መዝገብ ይዘው መቍጠርንም አልዘነጉም። ከ2002 እስከ 2006 በሆስፒታሉ ወደ አራት ሺህ የሚሆኑ ሴቶች ስለ ግርዛት ተጠይቀውና ተመርምረው፣ ከመቶው 97ቱ የተገረዙ ሆነው ተገኙ። ይህ ቍጥር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያስተምሩ ለነበሩት ሴት አሳዛኝ መሆን አለበት። ነገር ግን የተመረመሩት ሴቶች የተገረዙት ገና ልጆች ሳሉ ነበር፤ የትምህርቱ ፍሬ የሚታየው በእነርሱ ላይ ሳይሆን በሴት ልጆቻቸው ላይ ነው።

በእነዚሁ ዓመታት የመንግሥት ኃላፊነትም ተጨመረባቸው። በ2002 የቤተሰብና የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ከ2003 እስከ 2006 ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ሠሩ። መኖሪያቸውን ግን በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አደረጉ። የነርሶቹና የአዋላጆቹ ትምህርት ቤትም እያደር ሰፍቶ ስማቸውን የያዘ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ለአገሪቱ አንድ ሺህ አዋላጆችን የማሠልጠን ዕቅድም አወጡ። በ2023 ከዚህ ቀደም ማዘር ተሬዛና ሊቀ ጳጳስ ዴዝመንድ ቱቱ የተቀበሉት የቴምፕልተን ሽልማት ለእርሳቸው ተሰጠ፤ የገንዘቡም መጠን 1.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ያን ጊዜ ዕድሜአቸው ሰማንያ አምስት ነበር። ከገንዘቡ ከፊሉን ለሆስፒታሉ ሥራ እንደሚያውሉት ገለጡ።

መልመጃ

ሀ. በምንባቡ መሠረት ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።
1. ሕፃንዋ ኤድና የአባታቸው ቍጣ ዕድሜአቸውን ሙሉ ያልረሱት ስለምንድን ነው?
2. የጤና መምህር ሥራ ከሒሳብ መምህር ሥራ በምን ይለያል? ከምንባቡ ውጭ የሆነ አንድ ምሳሌ ጨምራችሁ አስረዱ።
3. ከሦስቱ መዘግየቶች ሆስፒታል ሊያቃልለው የማይችለው የትኛው ነው? ስለምን?
4. ጸሐፊው ከሕንጻው ይልቅ የሥራው ቅደም ተከተል ይደነቃል ያለው ምንን በማሰብ ነው? በዚህ አስተያየት ትስማማላችሁን?

ለ. «ሞግዚትነት»፣ «ትንግርት»፣ «ያመረቅዛል»፣ «እንገር» የሚሉትን ቃላት ፍቺ ከምንባቡ አገባብ ተነሥታችሁ ጻፉ፤ እያንዳንዱንም በዓረፍተ ነገር አስገቡ።

ሐ. በአካባቢያችሁ የምትሠራ አንዲት አዋላጅ ወይም የጤና ሠራተኛ አነጋግራችሁ፣ ሥራዋን ስትጀምር ሕዝቡ ለመቀበል ያስቸገራት ትምህርት የትኛው እንደ ነበረ በአንድ ገጽ ጻፉ።